በየቀኑ ሞርፊን ወይም ትራማዶል የሚወስድ ታካሚ አዲስ ሕመም ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ፦ ከትሪያጅ እስከ መሸኛ

«እሱማ ሞርፊን ለምዷል፤ የቤቱ መድኃኒት አለው አይደል?» ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ከዚህ ንግግር በኋላ ታካሚው ዲክሎፌናክ በጡንቻ ይወጋና ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የተሰበረው አጥንት ግን ሰውየው ሞርፊን መልመዱን አያውቅም።

የዚህ መመሪያ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ታካሚው በየቀኑ የሚወስደው ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ ማስታገሻ) የሚሸፍነው ነባሩን ሕመም ብቻ ነው። ዛሬ የመጣው ስብራት፣ የኩላሊት ጠጠር ወይም ቃጠሎ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የዕለቱ መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ አዲሱ ሕመም ለብቻው መታከም አለበት። ከታች ያለው ሁሉ ይህን በደኅና ለመፈጸም የሚረዳ ዝርዝር ነው።

የተጻፈው ለጠቅላላ ሐኪሞች፣ ለኢንተርኖች፣ ለጤና መኮንኖችና ለነርሶች ነው። መጠኖቹ ለአዋቂ ናቸው፤ የሆስፒታላችሁ ፕሮቶኮል የተለየ ነገር ካለ እሱ ይቀድማል። ታካሚ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ እዚህ ያሉትን ቁጥሮች ቤት ውስጥ አትሞክሯቸው፤ የሚጠቅማችሁ መድኃኒታችሁን በትክክል ስለመናገር የሚያወራው ቁጥር 2 ነው።

1. ማንን እያከምን እንደሆነ መለየት

በእኛ ሆስፒታሎች በዚህ መልክ የሚመጡት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የካንሰር ታካሚ ነው፤ የሞርፊን ሽሮፕ ወይም ክኒን በየ4 ሰዓቱ ይወስዳል። ሁለተኛው ለወገብ፣ ለነርቭ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ትራማዶል ለወራት የወሰደ ነው። ሦስተኛው ከመድኃኒቱ ጋር ሱስ የያዘው ነው፤ ትራማዶል ወይም ፔቲዲን ሊሆን ይችላል፣ የጤና ባለሙያም ሊሆን ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ ባልደረቦች በዚህ ላይ ሄሮይን፣ ከጎዳና የሚገዛ ፈንታኒል፣ እንዲሁም ለሱስ ሕክምና የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ይጨመርባቸዋል።

ሦስት ነገሮች እንዳይደባለቁባችሁ። መላመድ ማለት ያው መጠን ድሮ የሚሰጠውን ያህል ማስታገስ ሲያቅተው ነው። አካላዊ ጥገኝነት ማለት መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነት ምልክት ሲያሳይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ኦፒዮይድ ለሳምንታት በወሰደ በማንኛውም ሰው ላይ የሚጠበቁ ናቸው። ሱስ ግን ጉዳቱ እየታየ መተው አለመቻል ነው፤ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ሞርፊን የምትወስድ የካንሰር ታካሚ ሱሰኛ አይደለችም። ሱስ የያዘውም ሰው ቢሆን እግሩ ከተሰበረ ያመዋል፤ የሱሱ ጉዳይ ሕመሙ ከታገሠ በኋላ የሚነሳ ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) ሰውነቱ ኦፒዮይድ ለምዷል የሚለው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በቀን 60 ሚ.ግ. ሞርፊን በአፍ፣ ወይም 30 ሚ.ግ. ኦክሲኮዶን፣ ወይም 8 ሚ.ግ. ሃይድሮሞርፎን በአፍ፣ ወይም በሰዓት 25 ማይክሮግራም የሚለቅ የፈንታኒል ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት) የተጠቀመውን ነው። አልፎ አልፎ ትራማዶል የሚውጥ ሰው ከዚህ መስመር በታች ነው፤ እሱን እንደማንኛውም ታካሚ ጀምሩት።

2. የመድኃኒቱን ታሪክ አጥርቶ መያዝ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን የሚያስደብቀው ብዙ ጊዜ የእኛው አጠያየቅ ነው። ስድስት አልጋ በተደረደረበት ክፍል፣ ጎረቤትና ዘመድ ከብቦ፣ «ሱስ አለብህ?» ብሎ መጠየቅ «የለብኝም» የሚል መልስ ለመቀበል መዘጋጀት ነው። መጋረጃ ሳቡ፣ አስታማሚውን ለጥቂት ደቂቃ ከውጭ እንዲጠብቅ አድርጉ፣ ከዚያ በቀጥታ ጠይቁ። «እማማ፣ ሞርፊኑን ዛሬ ጠዋት ወስደዋል? ስንት ሰዓት ላይ? ከወሰዱ በኋላ አስመልሶዎታል?» ለወጣቱ ደግሞ «ስንት እንደምትወስድ የምጠይቅህ የሚበቃህን መጠን ለማወቅ ነው፤ ካነሰብህ ያምሃል፣ ከበዛብህ ትንፋሽህን ይይዘዋል» ማለት ከማንኛውም ቁጣ የተሻለ እውነት ያወጣል።

ማወቅ የሚገባችሁ የታዘዘውን ሳይሆን በእርግጥ የገባውን ነው። ማዘዣው በየ4 ሰዓቱ ይላል፤ ታካሚዋ ግን እንቅልፍ እንዳያበዛባት ፈርታ ጠዋትና ማታ ብቻ ትወስድ ይሆናል። ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ኖራለች፤ ያኔ ከምታስቡት ያነሰ መድኃኒት ነው ደሟ ውስጥ ያለው። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፍቶ ሳምንት ያቋረጠች ከሆነ ደግሞ ሰውነቷ መላመዱን እየተወ ነውና በድሮው መጠን መጀመር አደገኛ ነው።

የሞርፊን ሽሮፕ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ታካሚው «አምስት ሚሊ» ይላችኋል። ሽሮፑ በተለያየ ጥንካሬ ስለሚዘጋጅ አምስት ሚሊ ብቻውን ምንም አይነግርም። ጠርሙሱን አስመጡና በአንድ ሚሊ ስንት ሚሊግራም እንዳለው አንብቡ። ጠርሙሱ ከሌለ የናርኮቲክ ማዘዣውን ወይም የሕክምና ካርዱን ፈልጉ፤ እሱም ከሌለ ክትትል ወደሚያደርግበት ክፍል ደውሉ።

ልብሱን አውልቃችሁ ቆዳውን ተመልከቱ። ፓች ጀርባ ላይ ወይም ክንድ ሥር ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። ትኩሳትና ሙቀት ከፓቹ የሚወጣውን መጠን ይጨምራሉ፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጎማ በላዩ ማስቀመጥም እንዲሁ። ፓቹ ቢነሳም በቆዳ ሥር የተጠራቀመው ቀስ እያለ መግባቱን ይቀጥላል፤ የደሙ መጠን በግማሽ እስኪወርድ 17 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

አብረው ስለሚወሰዱት ጠይቁ፦ ዲያዜፓም፣ ፕሪጋባሊን ወይም ጋባፔንቲን፣ አልኮል። እነዚህ ከኦፒዮይድ ጋር ሲደረቡ ትንፋሽን ያዳክማሉ። የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ፣ ሲተኛ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያንኮራፋ መሆኑም በካርዱ ላይ ይስፈር።

3. «የታወቀ ታካሚ» ላይ አዲስ በሽታ መፈለግ

ለእኔ ከመጠን ስሌቱ ይልቅ ሰው የሚሞተው እዚህ ነው። ለወራት «ያመኛል» ሲል የምናውቀው ሰው ዛሬም ያመኛል ሲል ጆሯችን ይደነዝዛል። ጥያቄው «ያምሃል?» አይደለም፤ «የዛሬው ከወትሮው በምን ይለያል?» ነው። ቦታው ከተቀየረ፣ ባሕርዩ ከተቀየረ፣ ወይም የበቃው መጠን ድንገት አልበቃ ካለ ምክንያት አለ።

የካንሰር ታካሚ አዲስ የጀርባ ሕመም ይዞ፣ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት ከያዘው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የህብለ ሰረሰር መጨቆን ነው፤ ዴክሳሜታዞንና ኤምአርአይ እንጂ ሞርፊን ጨምሮ መሸኘት አይደለም። ሳይወድቅ የተሰበረ አጥንት ካንሰሩ የበላው አጥንት ሊሆን ይችላል። የሆድ ሕመም ያለበት ታካሚ ለሳምንት ካልተጸዳዳ ከሞርፊን የመጣ ድርቀት ሊሆን ይችላል፤ የአንጀት መዘጋትም ሊሆን ይችላል፤ ፊንጢጣውን ሳትመረምሩ አትወስኑ። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አንጀቱ ተበስቶም ሆዱ ላይደነድን ይችላል። በደም ሥሩ መድኃኒት የሚወጋ ሰው ትኩሳትና የጀርባ ሕመም ካለው በአከርካሪው ውስጥ መግል፣ እንዲሁም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን አስቡ።

ምርመራው እስኪያልቅ ማስታገሻ ይቆይ የሚለው አሮጌ ልማድ ግን መሠረት የለውም። ቀድሞ ማስታገስ የሆድ ምርመራን አያበላሽም፤ ተረጋግቶ የተኛን ሰው መዳሰስ ይቀላል።

4. የዕለቱን መድኃኒት ማስቀጠል

በጣም ቀላሉና በጣም የሚረሳው ደረጃ ይህ ነው። ታካሚዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቤቷ ሞርፊን ወስዳ ወጥታ፣ ትሪያጅ፣ ካርድ፣ ራጅ፣ ላቦራቶሪ ስትል ቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። በዚህ መሀል አንድ ሙሉ መጠን አልፏታል፤ ሁለተኛው ደርሷል። አዲሱ ሕመም ላይ የተቋረጠው መድኃኒት ሕመም ተደረበባት። ስለዚህ ትሪያጅ ላይ የመጨረሻው መጠን የተወሰደበት ሰዓት ይጻፍ፤ ቀጣዩ የሚደርስበት ሰዓትም ከሥሩ።

«ለቀዶ ሕክምና ስለምትገባ በአፏ ምንም አይግባ» የሚለው ትእዛዝ መድኃኒቱን ሊያስቀር አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጉንጭ ውሃ ክኒኑን መዋጥ ይቻላል፤ ከአንስቴዥያ ባለሙያው ጋር ተነጋገሩ። ካልተቻለ ወደ ደም ሥር ወይም ከቆዳ ሥር ወደሚሰጥ ቀይሩት። በየ4 ሰዓቱ 30 ሚ.ግ. በአፍ የሚወስድ ሰው በደም ሥር በየ4 ሰዓቱ 10 ሚ.ግ. ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ የነባሩ ድርሻ ነው፤ የአዲሱ ሕመም ገና አልተነካም።

የሚቆመው ወይም የሚቀነሰው ታካሚው ከመጠን በላይ ካንቀላፋ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ድንገተኛ የኩላሊት ድካም ካገኘው ነው። ኩላሊት ሲደክም የሞርፊን ተረፈ ምርቶች ይከማቻሉ፤ ፈንታኒል ካለ እሱ ይሻላል።

5. ኦፒዮይድ ያልሆኑትን አስቀድሞ ማስገባት

ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ጉበቱ ለተጎዳ፣ ለከሳ ወይም ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ያነሰ። ኩላሊቱ ደኅና ከሆነ፣ የጨጓራ ደም መፍሰስ ከሌለና እርግዝና ካልተገፋ አይቡፕሮፌን 400 ሚ.ግ. ወይም ዲክሎፌናክ ይጨመር። ኬቶሮላክ ባለበት በደም ሥር ከ10 እስከ 15 ሚ.ግ. ይበቃል፤ 30 መስጠት ማስታገሱን አይጨምርም፣ ጉዳቱን እንጂ። የተሰበረውን አጥንት በስፕሊንት ማሰር ራሱ ማስታገሻ ነው፤ ራጅ ክፍል ከመሄዱ በፊት ይታሰር።

እነዚህ የኦፒዮይዱን መጠን ይቀንሳሉ እንጂ አይተኩትም። ሞርፊን በቀን 180 ሚ.ግ. ለሚወስድ ሰው ዳሌው ተሰብሮ ፓራሲታሞል ብቻ መስጠት አለመስጠት ነው።

በጡንቻ መውጋትን በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ልማዳችን ሆኗል፤ ግን መርፌው ያማል፣ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት አይታወቅም፣ እያዩ ለመጨመርም አያመችም። ሊወጋ የሚችል ደም ሥር ከጠፋ ሞርፊን ከቆዳ ሥር መስጠት ይሻላል፤ መርጫው ባለበት ፈንታኒል በአፍንጫ በኪሎ 1.5 ማይክሮግራም ገደማ መስጠትም ይቻላል።

6. የኦፒዮይዱ ሒሳብ

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ባለፉት 24 ሰዓታት በእርግጥ የገባውን መጠን ወደ አፍ ሞርፊን ቀይሩ። በደም ሥር ለመስጠት ለ3 አካፍሉት። ከሚመጣው ከ10 እስከ 20 በመቶውን የመጀመሪያ መጠን አድርጉ።

ለመቀየር የሚረዱት ቁጥሮች፣ በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያ መሠረት፣ የቀኑን ሚሊግራም በሚከተለው ማባዛት ነው፦
– ኮዴይን በ0.15
– ትራማዶል በ0.2
– ኦክሲኮዶን በ1.5
– ሃይድሮሞርፎን በ5
– የፈንታኒል ፓች፣ በሰዓት የሚለቀውን ማይክሮግራም በ2.4 (25 የሆነው ፓች 60 ሚ.ግ. ሞርፊን ገደማ ነው)

በደም ሥር 10 ሚ.ግ. ሞርፊን ከ100 ማይክሮግራም ፈንታኒል ጋር ይቀራረባል። ሜታዶንን በዚህ መንገድ አትቀይሩት፤ መጠኑ ሲጨምር ጉልበቱ በእኩል አይጨምርምና ሒሳቡ ይከዳችኋል። ከአንድ ኦፒዮይድ ወደ ሌላ ስትሸጋገሩ ደግሞ የመጣውን ቁጥር ከ25 እስከ 50 በመቶ ቀንሱት፤ ለአንዱ የለመደ ሰውነት ለሌላው በዚያው ልክ ለምዷል ማለት አይደለምና።

በምሳሌ እንየው። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንት የተሠራጨ፣ 60 ዓመት የሆናቸው፣ 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት ቤታቸው ወድቀው የቀኝ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሞርፊን 30 ሚ.ግ. በየ4 ሰዓቱ ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ቀኑን 180 ሚ.ግ. በአፍ፤ ለ3 ሲካፈል 60 ሚ.ግ. በደም ሥር፤ ከ10 እስከ 20 በመቶው ከ6 እስከ 12 ሚ.ግ.። በ6 ጀምሩ፤ ቀስ ብሎ፣ በጥቂት ደቂቃዎች። ከ15 ደቂቃ በኋላ አልጋው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ካልተነቃነቀ ወይም ከባሰ መጠኑን ከ50 እስከ 100 በመቶ ጨምሩ፤ ማለትም ከ9 እስከ 12 ሚ.ግ.። ከቀነሰ ግን ካልበቃ ያንኑ 6 ድገሙ። ከበቃ አቁሙና እያያችሁ ቆዩ። ሁለት ሦስት ዙር ሄዳችሁ ለውጥ ከሌለ ሞርፊን መደራረቡን ትታችሁ ቁጥር 7 ላይ ወዳሉት ኬታሚንና ነርቭ ብሎክ እለፉ፤ ምርመራውንም እንደገና አስቡት።

መጠኑ ዝቅተኛ ሲሆን ሒሳቡ ብዙም አያግዝም። በቀን 60 ሚ.ግ. የሚወስድ ሰው ስሌቱ ከ2 እስከ 4 ሚ.ግ. ይሰጣል፤ ይህ ለማንኛውም ሰው ከምንሰጠው መነሻ አይበልጥም። ያኔ በኪሎ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚ.ግ. በሆነው የተለመደ መነሻ ጀምሩና ቶሎ ቶሎ ገምግሙ። ለአረጋዊና ለደከመ ሰው ከታችኛው ጫፍ።

ግቡ ዜሮ አይደለም። «በደኅና ቀን ከ10 ስንት ነው የሚያምዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ 4 ከሆነ ዛሬ 9 የሆነውን ወደ 4 መመለስ በቂ ሥራ ነው። ቁጥር የማይሆንላቸው ብዙ ናቸው፤ መገላበጥ ችለዋል ወይ፣ ሳል ሲመጣ ይስላሉ ወይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ወይ የሚለው ከቁጥሩ በላይ ይናገራል።

ስለ ትራማዶልና ፔቲዲን። ትራማዶል በቀን 400 ሚ.ግ. ለሚወስድ ሰው ሌላ ትራማዶል በመርፌ መጨመር ሕመሙን ሳይሆን የሚጥል በሽታን መጥራት ነው፤ ጣሪያው እዚያ ነው። የድብርት መድኃኒት አብሮ ካለ የሴሮቶኒን መመረዝም ይመጣል። ፔቲዲን ወደ ኖርፔቲዲን ይቀየራል፤ እሱ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ሲደጋገም፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክም፣ መንቀጥቀጥና እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ያመጣል፤ ያንን መንፈራገጥ የኦፒዮይድ ማርከሻው ናሎክሶን አይመልሰውም። ሞርፊን ባለበት ፔቲዲን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ፔንታዞሲን ደግሞ ኦፒዮይድ ለለመደ ሰው ከቶ አይሰጥ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ የመቋረጥ ምልክት ያስነሳል።

ታካሚው «እያስመሰለ» እንደሆነ ለመፈተን ዲስቲልድ ውሃ ወግቶ ማየት የሚባለው ነገር ፈተና አይደለም። ውሃ ተወግቶ የተሻለው ሰው ሕመም እንደሌለው አያረጋግጥም፤ ማታለሉ ግን የታካሚውን እምነት ለዘለቄታው ያጠፋል።

7. ኬታሚንና ነርቭ ብሎክ

አገር ቤት በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ኬታሚን በብዙ ሆስፒታል ይገኛል፣ እጃችንም ለምዶታል። ለማስታገሻ የሚሰጠው መጠን ግን ከማደንዘዣው እጅግ ያነሰ ነው፦ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚ.ግ.። ለነዚያ 50 ኪሎ እናት በ0.2 ሒሳብ 10 ሚ.ግ. ነው፤ በ100 ሚሊ ኖርማል ሳላይን በጥብጣችሁ በ15 ደቂቃ አንጠባጥቡት። በአንዴ ሲገፋ ነው ሰው «ተንሳፈፍኩ፣ ግድግዳው ተጠጋኝ» የሚለው። ቀድማችሁ «ትንሽ ሊያዞርዎት ይችላል፣ ቶሎ ያልፋል» በሏቸው። የአእምሮ ሕመም ሲነሳበት የቆየ ሰው ላይና ያልተረጋጋ የልብ ሕመም ላይ ተዉት።

ኬታሚን ሌላም ቦታ አለው። ሞርፊን ሲጨመር ሕመሙ የሚብስበት፣ ከቦታው አልፎ መላ አካሉ ሲነካ የሚያመው ታካሚ ይገጥማችኋል። ኦፒዮይዱ ራሱ የሕመም ስሜቱን አስልቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ መጨመር ሳይሆን መንገድ መቀየር ነው።

ለዳሌ ስብራት ፋሺያ ኢሊያካ ብሎክ (ወደ ዳሌ የሚሄዱትን ነርቮች በመርፌ ማደንዘዝ) የሚሠራ ሰው ካላችሁ ጥሩት። 0.25 በመቶ ቡፒቫኬይን 30 ሚሊ 75 ሚ.ግ. ነው፤ በኪሎ 2 ሚ.ግ. በሚለው ጣሪያ ለ50 ኪሎ ሰው እስከ 100 ድረስ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ደኅና ነው። ሞኒተር ይኑር፤ የመመረዝ ምልክት ከታየ 20 በመቶ የስብ ኢሙልዥን በኪሎ 1.5 ሚሊ መጀመሪያ ይሰጣል።

ከብሎኩ በኋላ ግን ተጠንቀቁ። ሕመም ራሱ ትንፋሽን ይቀሰቅሳል። 18 ሚ.ግ. ሞርፊን ወስዶ በሕመም ሲጮህ የነበረ ሰው ብሎኩ ሲሠራለት፣ ወይም የወለቀው ትከሻ ሲመለስ፣ ሕመሙ በቅጽበት ይጠፋና ሞርፊኑ ብቻውን ይቀራል። «እፎይ፣ ተኛ» የምንልበት ጊዜ ትንፋሽ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው።

8. ክትትል

የምፈራው የመጀመሪያውን መርፌ አይደለም፤ ሦስተኛው ተሰጥቶ ሁሉም ወደ ሌላ አልጋ የሄደበትን ሰዓት ነው። ኦፒዮይድ የለመደ ሰው ለሕመም ማስታገሱ ለምዶ ሊሆን ይችላል፤ ለትንፋሽ ማዳከሙ ያን ያህል ላይለምድ ይችላል።

ትንፋሹ ከመድከሙ በፊት የሚታየው ማንቀላፋት ነው። እያወራ የሚያሸልብ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሚጠፋ ሰው ተጨማሪ መጠን አያገኝም፤ ቁጥሩን 10 ቢላችሁም። ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። የኦክስጅን መጠኑ 96 ማለቱ አያዘናጋችሁ፤ ኦክስጅን ጭምብል ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ደክሞም ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል። እያንዳንዱ የደም ሥር መጠን ከተሰጠ በኋላ በ15 ደቂቃ፣ ከተረጋጋ በኋላ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ፤ ሰዓቱ፣ የንቃት ደረጃው፣ ትንፋሹ ካርዱ ላይ ይስፈር። ቤቱ ቀስ ብሎ የሚለቅ ሞርፊን ውጦ የመጣ ሰው የዚያ ጉልበት ገና ከሰዓታት በኋላ እንደሚመጣ ለተረኛው ነርስ ይነገር።

ትንፋሽ በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደና መቀስቀስ ካቃተ፦ አገጩን አንስታችሁ አየር መንገዱን ክፈቱ፣ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ ማስተንፈሻ) እና በኦክስጅን አስተንፍሱ፣ ከዚያ ናሎክሶን። 0.4 ሚ.ግ. የያዘውን አምፑል በ9 ሚሊ ሳላይን አቅጥኑት፤ እያንዳንዱ ሚሊ 0.04 ሚ.ግ. ይሆናል። አንድ አንድ ሚሊ በየ2 ደቂቃው፣ ትንፋሹ በደቂቃ 10 እስኪደርስ። እስኪነቃ አይደለም። ሙሉውን አምፑል መግፋት የካንሰር ታካሚን ወደ ጩኸት፣ ትውከትና ላብ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓት ያህል ምንም ማስታገሻ አይገባለትም። የናሎክሶን ጉልበት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያልቅ፣ ሜታዶን፣ ፓች ወይም ቀስ ብሎ የሚለቅ ሞርፊን ያለበት ሰው ዳግም ሊደክም ይችላል፤ ከዓይናችሁ አይራቅ።

9. ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊን፣ ናልትረክሶን

ይህ ክፍል የሚበዛበት በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ለሚሠሩ ነው፤ ግን ለእረፍት አገር ቤት የመጣ ታካሚም ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ለሱስ ሕክምና ሜታዶን በቀን አንዴ የሚወስድ ሰው ሕመሙ የሚታገሥለት ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ብቻ ነው። መጠኑን ከሚሰጠው ክሊኒክ በስልክ አረጋግጡ፣ ኢሲጂ አንሡ፣ ያንኑ ቀጥሉ፣ ለአዲሱ ሕመም ሌላ ጨምሩ።

ቡፕረኖርፊን አይቋረጥ። ድሮ ይቁም ይባል ነበር፤ ማቆሙ ታካሚውን ወደ ሱሱ ከመመለስ ሌላ ትርፍ የለውም። የቀኑን መጠን ለሦስት ወይም ለአራት ከፋፍሎ መስጠት ራሱ ያስታግሳል፤ በላዩ ፈንታኒል ወይም ሃይድሮሞርፎን ከወትሮው ከፍ ባለ መጠን እየተከታተሉ መጨመር ይቻላል። በሌላ ኦፒዮይድ ላይ ላለ ሰው ግን የመቋረጥ ምልክት ሳይታይበት ቡፕረኖርፊን አትጀምሩ።

ኦፒዮይድን የሚያግደውን ናልትረክሶን በአፍ ከወሰደ ኦፒዮይድ ከ24 እስከ 72 ሰዓት አይሠራለትም፤ በወር አንዴ የሚወጋው ከሆነ አራት ሳምንት ያህል። እዚህ ብሎክ፣ ኬታሚንና ኦፒዮይድ ያልሆኑት ናቸው ዋነኞቹ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ነርሶች ደግሞ ሲክል ሴል (ከባድ ሕመም የሚያስነሳ በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) የዕለት ሥራ ነው። የአሜሪካ የደም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2020 ምክር የመጀመሪያው ማስታገሻ ታካሚው ከደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጥ፣ ከዚያም በየ30 እስከ 60 ደቂቃ እንዲገመገም ነው። እነዚህ ታካሚዎች የሚበቃቸውን መጠን በቁጥር ያውቁታል፤ ማወቃቸው የሱስ ምልክት አይደለም።

10. የመቋረጥ ምልክት ሲደባለቅ

ማዛጋት፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ እንባና ንፍጥ፣ ላብ፣ ገላን መውረር፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ተቅማጥና ትውከት፣ መቁነጥነጥ። ሞርፊን ካቋረጡ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ሜታዶን ከሆነ ይዘገያል። ለመለካት ካውስ (COWS) የሚባለው መለኪያ 11 ነገሮችን ይቆጥራል፤ ከ5 እስከ 12 ቀላል፣ ከ13 ጀምሮ መካከለኛ ነው። ከፍተኛ ትኩሳትና የደነደነ ሆድ ግን የመቋረጥ ምልክት አይደሉም፤ ሌላ ፈልጉ።

ሕክምናው የሚወስደውን መድኃኒት መመለስ ነው። ለማይመለስለት ክሎኒዲን ከ0.1 እስከ 0.2 ሚ.ግ. የደም ግፊቱን እያዩ፣ ለትውከቱ ኦንዳንሴትሮን ወይም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ፈሳሽ።

11. መሸኛ

የሚሸኝ ታካሚ የዕለት መድኃኒቱ እንደነበረው ይቀጥላል። ለአዲሱ ሕመም የሚታዘዘው ለብቻው ይጻፍ፤ የሚያልቅበትም ቀን ይጻፍበት። ለአብዛኛው ጉዳት ሦስት ቀን ይበቃል። «ሲያምህ ውሰድ» ብቻ ማለት በዕለቱ መድኃኒት ላይ ድርብ እንዲሆን ይጋብዛል፤ የትኛው ጠርሙስ ለየትኛው ሕመም እንደሆነ ለታካሚውም ለአስታማሚውም አሳዩ፤ መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

ሞርፊኑን ለሚያዝለት ሐኪም ዛሬ የተሰጠው መጠን ተጽፎ ይሂድ። የድርቀት መድኃኒት፣ ቢሳኮዲል ወይም ላክቱሎስ፣ አብሮ ይታዘዝ፤ አንጀት ለሞርፊን አይለምድም። አስታማሚው የሚከታተለው ምልክት ይነገረው፦ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ከወትሮው የተለየ ማንኮራፋት፣ የከንፈር መጥቆር። ናሎክሶን በቤት የሚገኝበት አገር ከሆናችሁ ይታዘዝ።

ሱስ እንዳለ ከታወቀ ሕመሙ በታገሠበት ሰዓት፣ መጋረጃው እንደተሳበ፣ ስለሕክምናው ጠይቁት። የጤና ባለሙያ ከሆነ ወሬው ከክፍሉ እንዳይወጣ አድርጉና ሌላ ሆስፒታል ያለ የአእምሮ ሐኪም ፈልጉለት።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ታካሚ ካለ ደግሞ ከመሄዱ በፊት ንገሩት፦ ትራማዶልና ሞርፊን በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የቅድሚያ ፈቃድና የሐኪም ደብዳቤ ሳይያዝ ሻንጣ ውስጥ መገኘታቸው ያሳስራል።

ተረኛ ስትለዋወጡ፣ አልጋው ላይ ገና ያለ ታካሚ ካለ ሦስት ነገር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተረካከቡ፦ የቤቱ መጠንና ቀጣዩ የሚደርስበት ሰዓት፣ ዛሬ በላዩ የገባው ጠቅላላ መጠን፣ የመጨረሻው ትንፋሽ የተቆጠረበት ሰዓት።